የቮልስ ዋገን አውቶሞቢል ታሪክና የአዲስ አበባ የጥገና ሙያ

አሮጌ አውቶሞቢሎችን ሰብስቦና ወልውሎ ለሕዝብ ማሳየት በአውሮፓ ከተለመደ ብዙ ዘመን አልፎታል። እንግሊዞች በየዓመቱ በኖቬምበር ወር ከለንደን እስከ ብራይተን የሚያደርጉት የአሮጌ መኪና ጉዞ እ.ኤ.አ. በ1896 በዚያው መንገድ የተደረገውን ጉዞ ለማስታወስ ሲሆን፣ ከ1905 በፊት ያልተሠራ መኪና በዚህ ጉዞ አይካፈልም። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ1934 የተቋቋመ አንድ ክበብ ደግሞ እስከ 1930 መጨረሻ የተሠሩትን መኪናዎች «ቪንቴጅ» ብሎ ለይቷቸዋል። ቃሉ የተወሰደው ከወይን ጠጅ ነጋዴዎች ሲሆን፣ እነርሱ ወይኑ የተለቀመበትን ዓመት ለማመልከት ይጠቀሙበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ያሉት በልማድ «ክላሲክ» ተብለው ይጠራሉ።

በአገራችንም ይኸው ልማድ እየታየ ነው። በአዲስ አበባ የአሮጌ መኪና ባለቤቶች በበዓልና በዕረፍት ቀን ተሰባስበው መኪናዎቻቸውን አሰልፈው ያሳያሉ። ከሚሰለፉት መካከል በቁጥርም ሆነ በተመልካች ፍቅር አንደኛውን ስፍራ የሚይዘው በተለምዶ «ቮልስ» የምንለው ቮልስ ዋገን ነው። አዋቂ የሆነ ተመልካች የአንዱን ቮልስ ዕድሜ ከሩቅ ለይቶ ይናገራል። የኋላ መስኮቱ በመካከሉ በብረት ለሁለት የተከፈለ እንደሆነ እ.ኤ.አ. እስከ 1953 መጀመሪያ ከተሠሩት ነው፤ መስኮቱ ሞላላ ከሆነ እስከ 1957 ከተሠሩት ወገን ነው፤ ሰፋ ብሎ አራት ማዕዘን ከሆነ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። የዱሮዎቹ በአምፑል ፈንታ ከበሩ ምሶሶ ብቅ እያለ የመታጠፊያውን አቅጣጫ የሚያሳይ ትንሽ ክንድ ነበራቸው። ይህን ሁሉ ልጆች ሲጠይቁና አባቶች ሲያስረዱ መስማት ደስ የሚያሰኝ ነው።

ይሁን እንጂ በዚህ አጋጣሚ ለሙያ ባልደረቦቼ ላነሣው የምፈልገው ጥያቄ አለ። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን አንድ መኪና «ታሪካዊ» ለመባል የሚያበቁትን ነጥቦች ዘርዝሯል። መኪናው ቢያንስ 30 ዓመት የሞላው፣ ለታሪኩ በሚስማማ ሁኔታ ተጠብቆ የቆየ፣ እንዲሁም ለዕለት ተዕለት መጓጓዣነት የማያገለግል መሆን አለበት፤ በዚህም የቴክኒክና የባህል ቅርስ አካል ይሆናል። የመጀመሪያውን ነጥብ የአዲስ አበባ ቮልሶች ያለ ችግር ያሟላሉ። ሁለተኛው ያከራክራል። በሦስተኛው ግን ብዙዎቹ ይወድቃሉ። እሑድ ለትርኢት የተሰለፈው ቮልስ ሰኞ ጧት ባለቤቱን ወደ ሥራ፣ ልጆችንም ወደ ትምህርት ቤት የሚያደርስ ነውና።

እንግዲህ የእኛ መኪናዎች ቅርስ አይደሉም ማለት ነውን? የዚህ ጽሑፍ አሳብ በተቃራኒው ነው። የአዲስ አበባን ቮልስ ቅርስ ያደረገው ሥራ ሳይፈታ መቆየቱ ነው። እንዲህ እንዲቆይ ያስቻለውም የመኪናው አሠራርና የጠጋኞቹ እጅ በአንድነት ነው። ይህን ለማስረዳት ታሪኩን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል።

አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ እንዴት ገባ?

በአዲስ አበባ ከአውቶሞቢል በፊት በሞተር ኃይል የሚንቀሳቀስ ተሽከርካሪ አልታየም ማለት አይቻልም። አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ መንገድ መዳመጫ «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ በከተማው አፍ ሲነገር ኖሯል። የመጀመሪያው አውቶሞቢል ግን በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ በተባለ እንግሊዛዊ ተነድቶ ከጅቡቲ ጠረፍ አዲስ አበባ ደረሰ። መኪናው ሲድሌይ የሚባል ነበር። የሰውየው ስም ከታወቀው የመኪና ፋብሪካ መሥራች ስም ጋር ቢገጥምም በመካከላቸው ግንኙነት የለም። ዳግማዊ ምኒልክም በዚህ መኪና ተቀምጠው ሄደዋል። ብዙም ሳይቆይ አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ ሁለተኛውን መኪና ይዞ መጣ።

የምድር ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. እንደ ሆነ ስናስታውስ፣ እነዚህ መኪናዎች የመጡበት ጉዞ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም። መንገድ ባልተሠራበት በረሃና ገደል መኪናው የሄደው በራሱ ኃይል ብቻ ሳይሆን በሰውና በከብት ጉልበት እየተጎተተም ነበር። በመንገድ ላይ የተሰበረውን እዚያው ባለበት ከመጠገን በቀር ሌላ አማራጭ አልነበረም። በኢትዮጵያ የአውቶሞቢልና የጥገና ታሪክ የተጀመረው በአንድ ቀን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው ምዕራፍ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበረው የፋሽስት ኢጣልያ ወረራ ነው። ጠላት ለጦሩ ማመላለሻ መንገድ ቀደደ፤ ከባድ መኪናዎችንም በብዛት አስገባ። ድል ሆኖ ሲወጣ መኪናዎቹና ከሠራተኞቹ ጥቂቶቹ በአገሩ ቀሩ። የዚያ ዘመን ምልክት እስከ ዛሬ በጋራዦቻችን ቋንቋ ውስጥ ይገኛል። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ባሌስትራ፣ ካቻቢቴ፣ ቶርኖ፣ ጎሚስታ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከኢጣልያንኛ የተወረሱ ናቸው። ቃሉ የባዕድ ቢሆንም ሙያው የአገር ልጅ ሆኗል። ጎሚስታ ብሎ የሚጠራው ሰውም ሆነ ራሱ ጎሚስታው ቃሉ ከየት እንደ መጣ አያስታውስም።

ከነጻነት በኋላ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን ሲቋቋም፣ ጠላት ጥሏቸው የሄዱትና የተበላሹት መንገዶች ታደሱ፤ አዳዲሶችም ተሠሩ። መንገድ ሲኖር መኪና ይመጣል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓ.ም. የከተማው ሐኪም፣ መምህርና የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ መኪና ባለቤት ለመሆን ሲያስብ ከፊቱ ከነበሩት ምርጫዎች አንዱ ቮልስ ዋገን ሆነ።

የቮልስ ዋገን አፈጣጠር

የቮልስ ዋገን ትርጉም በጀርመንኛ «የሕዝብ መኪና» ማለት ነው። ስሙ መልካም ቢሆንም አጀማመሩ መልካም አልነበረም። የናዚ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1934 መሐንዲሱ ፌርዲናንድ ፖርሸ እንዲነድፈው ያዘዘው መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ፣ ለ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር ያህል ቤንዚን የሚበቃው፣ ቤተሰብ የሚይዝ፣ ዋጋውም ከ1,000 ማርክ የማይበልጥ መሆን ነበረበት። ለመሐንዲስ ይህ አጭር ትእዛዝ ታላቅ ፈተና ነው። በዚያን ጊዜ ለነበረው ዋጋ ይህን ሁሉ አሟልቶ መሥራት አይቻልም ያሉ ፋብሪካዎች ጥቂቶች አልነበሩም።

የንድፉ አሳብ ሁሉ ከፖርሸ ብቻ የፈለቀ አልነበረም። በቼኮስሎቫኪያ የታትራ ፋብሪካ ዋና መሐንዲስ የነበረው ሃንስ ሌድቪንካ ከኋላ የተቀመጠ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተርና ለንፋስ የማይከብድ ቅርጽ ያላቸውን መኪናዎች አስቀድሞ ሠርቶ ነበር። ታትራ ያቀረበው ክስ በጦርነቱ ምክንያት ተቋርጦ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1965 ቮልስ ዋገን ካሣ ከፍሎ በስምምነት አልቋል። ታላላቅ የቴክኒክ ሥራዎች የአንድ ሰው ብቻ ውጤት ናቸው ብሎ ማመን ብዙ ጊዜ እንደሚያሳስት ይህ አንዱ ማስረጃ ነው።

የፋብሪካው የመሠረት ድንጋይ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1938 ኋላ ቮልፍስቡርግ በተባለው ስፍራ ተቀመጠ። ለመኪናው በየሳምንቱ ቴምብር እየገዙ የቆጠቡ ወደ 336,000 የሚጠጉ ጀርመናውያን ግን ተስፋ የተሰጣቸውን መኪና ሳያገኙ ጦርነቱ ተነሣ። ፋብሪካው ለሕዝብ መኪና በመሥራት ፈንታ ለጦሩ ኪዩበልቫገን የተባለውን ተሽከርካሪና ሌላም የጦር ዕቃ ሠራ። በጦርነቱ ዘመን በግዴታ እንዲሠሩ የተደረጉት ሰዎች ቁጥር 20,000 ያህል ነበር፤ ከእነዚህም ውስጥ የጦር ምርኮኞችና ከማጎሪያ ሰፈሮች የመጡ እስረኞች ነበሩበት። ስለ መኪናው ስናወድስ ይህን ማለፍ አይገባንም።

ጀርመን ስትሸነፍ ፋብሪካው በእንግሊዝ ጦር እጅ ወደቀ። ጣሪያው በቦምብ ፈርሶ፣ የወደፊት ዕጣውም ሳይታወቅ ለነበረው ፋብሪካ ነፍስ የዘሩለት አይቫን ኸርስት የተባሉት የእንግሊዝ ጦር መሐንዲስ መኮንን ናቸው። ሜጀር ኸርስት መኪናው ለጦሩ አገልግሎት የሚበቃ መሆኑን አሳይተው የ20,000 መኪና ትእዛዝ አስገኙ፤ እ.ኤ.አ. በ1945 መጨረሻም ሥራው ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1948 የፋብሪካው ኃላፊ የሆኑት ሃይንሪሽ ኖርድሆፍ ደግሞ የመኪናውን ውጫዊ ቅርጽ በየዓመቱ ከመለዋወጥ ይልቅ ውስጡን ማሻሻልን፣ መለዋወጫ ዕቃንና ጥገናን በየአገሩ ማዳረስን መመሪያቸው አደረጉ። ይህ ውሳኔ እስከ አዲስ አበባ የደረሰ ውጤት እንደ ነበረው ወደ ኋላ እናየዋለን።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1955 አንድ ሚሊዮነኛው ቮልስ ከፋብሪካ ወጣ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 17 ቀን 1972 ደግሞ 15,007,034ኛው ሲሠራ የፎርድ ሞዴል ቲ ይዞት የነበረው ክብር ወደ ቮልስ ተላለፈ። በቮልፍስቡርግ ሥራው በ1974፣ በጀርመን አገር በጠቅላላው በ1978 ቢቆምም በሜክሲኮ ቀጥሎ፣ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 30 ቀን 2003 ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ወጣ። በዚያን ጊዜ ድምሩ 21,529,464 ደርሶ ነበር።

የአሠራሩ ብልሃት

ቮልስ በአገራችን ለምን ጸና? በጥንካሬው ነው የሚለው መልስ ትክክል ቢሆንም በቂ አይደለም። ከእርሱ ይልቅ ጠንካራ የነበሩ ብዙ መኪናዎች ከጎዳናችን ጠፍተዋል።

የመጀመሪያው ምክንያት የሞተሩ ማቀዝቀዣ ነው። ሞተሩ አራት ሲሊንደር ያለው፣ ሁለት ሁለቱ ግራና ቀኝ ተጋድመው የተቀመጡ ሲሆን የሚቀዘቅዘው በውሃ ሳይሆን በአየር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው። በመሆኑም የራዲያተር ክዳኑ በደንብ የማይገጥም መኪና አቀበት ሲወጣ ውሃው ቶሎ ይፈላል። ቮልስ ግን የሚፈላ ውሃ የለውም። እርግጥ ስስ አየር ሙቀትን የመሸከም ኃይሉ ያንሳል። ነገር ግን ያው ስስ አየር ሞተሩ የሚያቃጥለውን ቤንዚንና የሚያመነጨውን ሙቀት ስለሚቀንሰው፣ ጉዳቱና ጥቅሙ በመጠኑ ይቻቻላሉ። የሚታጣው ጉልበቱ ነው። በባሕር ዳር 34 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እዚህ ከዚያው ሩቡን ያህል ያጣል። የእንጦጦን አቀበት በቮልስ የወጣ ሰው ይህን ያለ ቀመር ያውቀዋል።

ሁለተኛው ምክንያት መኪናው ለመፈታት የተሠራ መሆኑ ነው። ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ብሎኖች ብቻ ነው። ልምድ ያለው መካኒክ ከአንድ ረዳት ጋር ሆኖ ሞተሩን በአጭር ጊዜ ፈትቶ በክሪክ ያወርደዋል። አራቱ ሲሊንደሮች የተለያዩ ስለሆኑ የተበላሸውን አንዱን ለይቶ መለወጥ ይቻላል። የዘይት ማጣሪያው በየጊዜው ተገዝቶ የሚጣል የወረቀት ማጣሪያ ሳይሆን ታጥቦ የሚመለስ የሽቦ ወንፊት ነው። ማራገቢያውን የሚያዞረው ቺንጋ ሲላላ የሚጠብቀው በመዘውሩ ሁለት ገጽታዎች መካከል ያሉትን ቀጫጭን ቀለበቶች በመቀነስ ሲሆን፣ ለዚህም አንድ ቁልፍና አንድ ካቻቢቴ ይበቃሉ። ይኸው ቺንጋ ዲናሞውንም ስለሚያዞር ቢበጠስ የባትሪው መብራት ወዲያውኑ ይበራል፤ ነጂውም ሞተሩ ከመቃጠሉ በፊት ይቆማል።

ሦስተኛው የመንገዱ ነገር ነው። ቮልስ ባሌስትራ ወይም ጥቅል ሞላ የለውም፤ በእነዚያ ፈንታ የሚጠመዘዙ የብረት ዘንጎች በወፍራም ቱቦ ውስጥ ተሸፍነው ተቀምጠዋል። ሆዱ ጠፍጣፋና ከመሬት ከፍ ያለ ነው። የሞተሩ ክብደት የሚያርፈው በሚገፉት የኋላ እግሮች ላይ ስለሆነ በጭቃ ላይ መያዣ አያጣም። በክረምት ወራት አስፋልት ባልነበረባቸው ሰፈሮች ይህ ቀላል ጥቅም አልነበረም።

ጉድለቱንም መናገር የመሐንዲስ ግዴታ ነው። የቤንዚን ማጠራቀሚያው ከፊት፣ ከተቀማጮቹ እግር በላይ መሆኑ በግጭት ጊዜ አደጋ አለው። የዱሮዎቹ የኋላ አክሰል በፍጥነት በሚታጠፉበት ጊዜ ጎማውን ወደ ውስጥ እየሰበረ መኪናውን ሊገለብጥ ይችላል። የጭሱን መርዝ የሚቀንስ መሣሪያ የለውም። ቮልስን ከዛሬ መኪና ጋር በደኅንነት ማወዳደር አይቻልም።

በአዲስ አበባ ጋራዦች

በኢትዮጵያ ታሪክ ቮልስ ዋገን አንድ ጊዜ ከመጓጓዣነቱ በላይ የሆነ ትርጉም አግኝቷል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው በወረዱበት ዕለት ከቤተ መንግሥታቸው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት በዚህች ትንሽ መኪና ነው። በሮልስ ሮይስ ሲሄዱ ሕዝቡ እጅ ይነሣቸው የነበሩት ንጉሠ ነገሥት በተራ ሠራተኛ መኪና የኋላ መቀመጫ ሆነው መሄዳቸው ለዐይን ምስክሩም ሆነ ኋላ ለሰማው የሥርዐት ለውጥ ምልክት ሆኖ ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ በመጡት ዓመታት የውጭ ምንዛሪ እጥረት ጸና። አዲስ የግል መኪና ማስገባት ከባድ ሆነ፤ ከሶቪየት ኅብረት የመጡት ላዳዎች በታክሲነት የከተማውን ጎዳና ያዙ። በእጅ ያለችውን መኪና ጠብቆ ማቆየት ምርጫ መሆኑ ቀርቶ ግዴታ ሆነ። ከላይ የተጠቀሰው የኖርድሆፍ መመሪያ ጥቅም የታየው በዚህ ጊዜ ነው። ፋብሪካው በየዓመቱ ያደረገው ለውጥ ጥቂት በጥቂት ስለ ነበረ የአንዱ ዓመት ዕቃ በጥቂት ማስተካከያ ለሌላው ይሆናል። አንድ መካኒክ በአንዱ መኪና ላይ የተማረው በሌላው አይባክንም። በዚህም የተነሣ አካሉ የ1950ዎቹ፣ ሞተሩ የ1970ዎቹ፣ በሩ ደግሞ ከሌላ ቮልስ የተወሰደ መኪና ማየት በከተማችን የተለመደ ነው።

ዕቃ ሲጠፋ ደግሞ ይሠራል። በመርካቶ ሶማሌ ተራ የሌለ መለዋወጫ ከተቻለ ከሌላ መኪና ይወሰዳል፤ ካልተቻለ በቶርኖ ይቀረጻል። የዛገ ወለል በላሜራ ተቆርጦ ይበየዳል። በከፍታው ምክንያት ቤንዚኑ ከአየሩ ሲበልጥና ካንዴላው በጥላሸት ሲጠቁር፣ መካኒኩ የካርቡራቶሩን የቤንዚን ቀዳዳ በጠባብ ይለውጣል። ከመካኒኮቹ ብዙዎቹ ይህን ያደረጉት የአየር እፍጋትን ቀመር በመማር ሳይሆን ካንዴላውን ነቅሎ ቀለሙን በመመልከት ነው። እኛ በዩኒቨርሲቲ በሰሌዳ ላይ የተማርነውን እነርሱ በዐይናቸው፣ በጆሮአቸውና በጣታቸው ደርሰውበታል። ሁለቱ ዕውቀቶች አንዱ ሌላውን የሚያርም እንጂ የሚንቅ ሊሆን አይገባም።

ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የቱሪን ቻርተር የተባለው ሰነድ መኪናን እንደ አዲስ ከመሥራት ይልቅ እንዳለ መጠበቅን ያስቀድማል፤ በአገልግሎት ዘመኑ የተደረጉበት ለውጦችም የታሪኩ ምስክሮች ሊሆኑ እንደሚችሉ ይቀበላል። በዚህ ዐይን ብናየው በአዲስ አበባ ቮልስ ላይ የሚገኘው የብየዳ ጠባሳ፣ በቶርኖ የተቀረጸው ዕቃና ከሌላ የመጣው በር ነውር አይደሉም። የምንዛሪ እጥረቱ፣ የመንገዱና የሙያው ታሪክ የተጻፈባቸው ናቸው። ዛሬ ገንዘብ ያገኘ ባለቤት መኪናውን ለትርኢት ለማሳመር ሲል እነዚህን ሁሉ አስወግዶ በውጭ አገር ዕቃ ቢተካ፣ መኪናው ከቮልፍስቡርግ የወጣ ዕለት ወደ ነበረበት መልክ ይመለስ ይሆናል፤ በኢትዮጵያ የኖረበት ዘመን ግን ከላዩ ይፋቃል።

ምን ይደረግ?

ይህ ጉዳይ ዛሬ የሚያስቸኩልበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ወደ አገር በሚገቡ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ለምትገዛና ኤሌክትሪክ ከወንዞቿ ለምታመነጭ አገር የውሳኔው ምክንያት የሚገባ ነው። ይሁንና የአንድ ዘመን ሙያ ወደ ማብቂያው መቃረቡን ያሳያል። የቮልስን ሞተር በድምፁ የሚያውቁት መካኒኮች አርጅተዋል። ወጣቱ ረዳት ደግሞ ነገ እንጀራ የሚያበላውን ሌላ ሙያ ቢፈልግ አይፈረድበትም። መኪናውን በአዳራሽ ማስቀመጥ ይቻላል። የጠጋኙ ዕውቀት ግን ካልተጻፈ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

ስለዚህ የማኅበራችን አባላት ሦስት ነገሮችን እንዲያስቡባቸው አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በአገር ውስጥ ተሠርተው በመኪና ላይ የዋሉ ዕቃዎች ተለክተው ሥዕላቸው እንዲነሣ፣ ከምን ብረት እንደ ተሠሩና ስንት ዘመን እንዳገለገሉ እንዲመዘገብ፤ ይህ ለመመረቂያ ጥናት ርእስ ለሚፈልጉ ተማሪዎች የሚሆን ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ የሸመገሉት መካኒኮች የሚሉት በራሳቸው አነጋገርና በራሳቸው የዕቃ ስም እንዲጻፍ፤ የጋራዥ ቃላት ራሳቸው የታሪክ ሰነድ ናቸውና። ሦስተኛ፣ አሮጌ መኪና የሚያሳድሱ ባለቤቶች ከመኪናቸው ላይ የሚያወጡትን ዕቃ ከመጣላቸው በፊት ፎቶግራፍ አንሥተው ታሪኩን እንዲያስቀምጡ መምከር ይገባል።

ከዚህም የሚበልጥ ትምህርት ለወደፊቱ አለ። የኤሌክትሪክ መኪና ሞተሩ የሚንቀሳቀስ ክፍሉ ጥቂት፣ ዘይትና ካንዴላ የማያስፈልገው በመሆኑ በብዙ ረገድ ከቮልስ ይቀላል። ነገር ግን ባትሪው በታሸገ ሣጥን የሚመጣ፣ መቈጣጠሪያው ፋብሪካው ብቻ በሚያውቀው ፕሮግራም የሚሠራ ከሆነ፣ ካቻቢቴ የያዘው ሰው ምን ያህል ቢሠለጥን ከደጅ ይቀራል። አንድን መኪና ሃምሳና ስድሳ ዓመት ማቆየት የተቻለው መካኒኩ ሊከፍተው፣ ሊያየውና ሊረዳው በመቻሉ ነው። ስለዚህ ዛሬ የኤሌክትሪክ መኪና ሲገዛ፣ ሲገጣጠምና ደረጃ ሲወጣለት ከዋጋውና ከሚሄደው ኪሎ ሜትር ጋር አብሮ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ። ባትሪው በክፍል በክፍል ይፈታልን? የጥገና መመሪያው በአገር ውስጥ ላሉ ባለ ሙያዎች ክፍት ነውን? ዕቃው ሲጠፋ እዚሁ ሊሠራ ይችላልን?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ነጋዴው አይደለም፤ ገዢውም ላያውቀው ይችላል። ጥያቄው የሙያችን ነው። ከእኛ ቀድመው በዘይት በተነከረ እጃቸው መልሱን ያሳዩን መካኒኮች በየጋራዡ አሉና፣ ከእነርሱ ጠይቀን ለመጻፍ ጊዜው ሳያልፍብን እንጀምር።